ቤቱ ከተለሰነ በኋላ ዲዛይነር አትጥሩ!

እባካችሁ ዛሬ የታመቀውን ልተንፍሰው። ከአዲስ አበባ ግርግር ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ ቢሾፍቱ ወይም ሰንዳፋ ላይ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ለዓመታት የቆጠበውን፣ ከዘመድ የተበደረውን፣ ዓረብ ሀገር ያለች እህቱ ላቧን ጠብ አድርጋ የላከችውን ብር ነው እዚያ መሬት ላይ የሚያፈሰው። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ለእኛ ለቤት ውስጥ ዲዛይነሮች ይደወላል። "ቤቱ አልቋል፣ የቀረው ዲዛይን ብቻ ነው።" ከዚያ ከኢንተርኔት የወረደ የዱባይ ሳሎን ፎቶ ይላካል፤ "ልክ እንደዚህ አድርጉልን።" ይሄ ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል!

ወገን፣ ሶኬቱ የት ይሁን፣ ቧንቧው በየት ይለፍ፣ በሩ ወደየት ይከፈት፣ አልጋው በየትኛው ግድግዳ ይጠጋ የሚባለው ሁሉ የሚወሰነው ግድግዳው ገና ብሎኬት እያለ ነው። ከተለሰነ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ማፍረስ ወይ መሸፈን። አብዛኛው ባለቤት ደግሞ ብሩ ስላለቀ መሸፈኑን ይመርጣል።

ምጣዱን ብቻ እንውሰድ። እንጀራ የማይጋገርበት ቤት እየሠራን አይደለም መቼም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ማለት ነው። ኤሌክትሪሻኑ ግን የነገረው ሰው ስለሌለ ለኩሽናው ሶኬቶች በሙሉ አንድ መስመር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይስብና በ16 አምፔር ብሬከር አስሮ ይሄዳል። ምጣዱ ብቻውን መስመሩን አፉ ድረስ ሞላው። ፍሪጁና የውሃ ማፍያው ሲጨመሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚያ አንዱ ጠጋኝ ይጠራና ሽቦውን ሳይነካ ብሬከሩን በ32 አምፔር ቀይሮ ሂሳቡን ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው። የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሲሆን፣ ጋግራችሁ ስትነቅሉት መሰኪያው እጅ ሲያቃጥል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት ነገሩ እሳት አፋፍ ላይ ደርሷል። መደረግ የነበረበት ለምጣድ ብቻ ብሬከሮቹ ከተሰበሰቡበት ፓኔል በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከነኧርዙ (ወደ መሬት ከሚያያዘው ሽቦ ጋር)፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን ጉልበት የሚችል ማገናኛ ነው። ከልስን በፊት ወጪው የጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። ከልስን በኋላ ግድግዳ መቦርቦር፣ ሴራሚክ መንቀል፣ መልሶ መለሰን፣ መልሶ መቀባት አለበት።

ደግሞ ቦታው! የኩሽና ካቢኔ ከነግራናይቱ 90 ሳንቲ ከፍታና 60 ሳንቲ ጥልቀት ይሠራል፤ ለሽንኩርት መክተፊያ ልክ ነው። ምጣድ ግን ራሱ ወደ 60 ሳንቲ ስፋት አለው፣ ቁመትም ይጨምራል። 90 ላይ ሲጫን ጋጋሪዋ ትከሻዋን ሰቅላ ሊጥ ታዞራለች፣ ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይገርፋታል። ከላይ የተሰቀለው የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ካቢኔ ያንኑ እንፋሎት እየጠጣ ጠርዙ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይላጣል። "እንጨቱ የማይረባ ነው" ተብሎ የሚሰደበው አናጢው ነው። ለምጣድ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ከፍታ ያለው፣ ከ75 ሳንቲ የማያንስ ጥልቀት ያለው የራሱ መደብ ስጡት፤ ከላዩ ካቢኔ አይሰቀል፣ አጠገቡ የሚከፈት መስኮት ይኑር። ይህ ከፕላኑ ላይ በእርሳስ የሚጨረስ ሥራ ነው።

ወደ እርጥበት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ከወለል አንስቶ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ ያኮፈኮፈ፣ ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ግድግዳ ያሳዩንና "በዎልፔፐር ሸፍኑልን፣ ፒቪሲ ፓናል ምቱበት" ይሉናል። ያ ዱቄት ከመሬት በብሎኬቱ ውስጥ ተስቦ የወጣው ውሃ ደርቆ የተወው ጨው ነው። ብትሸፍኑት ከኋላው ሻጋታ እያበቀለ ይቀጥላል፤ የሚተኛበት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ይከርማል። ከመሸፈናችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሞክሩ። 50 በ50 ሳንቲ የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ጠብታው በግድግዳው በኩል ባለው ፊት ላይ ከታየ ውሃው ከግድግዳው እየመጣ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ቤቱ አየር አጥሮት ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ከግድግዳው ከሆነ ማንም ዲዛይነር በጌጥ አያድነውም። ግሬድ ቢሙ (ግድግዳው የሚያርፍበት የመሠረት ኮንክሪት) ላይ የመጀመሪያው ብሎኬት ከመቀመጡ በፊት እርጥበት የማያሳልፍ ሽፋን፣ ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ወፍራም ፕላስቲክ መነጠፍ ነበረበት። ወለሉም ከግቢው ቢያንስ 30 ሳንቲ ከፍ ይበል። ብዙ ሰው ወለሉን በልኩ ያሠራና በኋላ ግቢውን አፈር ሞልቶ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ከወለሉ እኩል ያደርገዋል፤ አሸንዳውም የጣሪያውን ውሃ ግድግዳው ሥር ይደፋዋል። እርጥበቱ የሚጀምረው ያን ዓመት ክረምት ነው።

ጥድፊያውም አለ። "ለፋሲካ መግባት አለብን" ተብሎ ሲሚንቶው በቅጡ ሳይደርቅ ጂፕሰም ይመታል፣ ጂፕሰሙ ሳይደርቅ ቀለም ይቀባል። ልስን ሳምንት ሙሉ ውሃ መጠጣት፣ ከዚያም ወር ገደማ መድረቅ ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ቢሾፍቱ ዙሪያና ሰንዳፋ ሜዳ ላይ መረሬ (ጥቁር) አፈር ብዙ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲው ውሃ እየጠጣ ካልተጠቀጠቀ፣ በሁለተኛው ዓመት ሴራሚኩ በመስመር ይሰነጠቃል። ወቀሳው ለሴራሚክ አንጣፊው!

የዱባዩን ፎቶ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ሳሎኑን በሙሉ በሚያንጸባርቅ ሴራሚክ አንጥፎ፣ ኮርኒሱን ሰቅሎ፣ ከቆርቆሮው በታች ብርድ የሚከላከል ነገር ሳያኖሩ መግባት ቤተሰቡን በጋቢ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ መፍረድ ነው። የጠዋት ፀሐይ እንዲገባ መኖሪያውን ወደ ምሥራቅ ክፈቱት። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የሚፈራው ሰፊ የምዕራብ መስኮት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል።

ቡናም አትርሱ። አሉሚኒየም መስኮት አየር አያስገባም፤ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። የረከቦቱን ቦታ ከበረንዳው በር አጠገብ ዲዛይኑ ውስጥ አስገቡት።

ከከተማ ወጥታችሁ ይህን ሙያ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ወጣቶችም አደራ። የሚያምር ስሪዲ ሥዕል ብቻ ሰጥታችሁ ብር አትቀበሉ። ደንበኛው የዕቃ አቀማመጥ ፕላን፣ የሶኬትና የመብራት ፕላን ከነከፍታው፣ የውሃ መስመር፣ የኮርኒስና የሴራሚክ አነጣጠፍ፣ የዕቃ ዝርዝር ከነብዛቱ ያስፈልገዋል። ሴራሚክ ሲገዛ 10 በመቶ ትርፍ፣ ሁሉም ካርቶን ላይ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር መኖሩን አይታችሁ አስገዙት፤ በኋላ ተመሳሳይ ቀለም አይገኝም።

ለሳኙ አሸዋውን ማላቆጥ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ቱቦውና ቧንቧው የተቀበረበትን እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ሜትር ከወለል ወደ ላይ፣ አንዱ ከጥግ ወደ ጎን። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲቪ ሊሰቅል ድሪል ይዞ የሚመጣው ልጅ፣ የሻወሩ ቧንቧ ከጥጉ በ40 ሳንቲ ላይ እንደሚያልፍ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።