ውሃ ሲወቅጡት ሻይ ይወጣዋል

«ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ብሎ የተረተው የጥንት ሰው የአዲስ አበባን የስብሰባ አዳራሾች ሳያይ በመሞቱ ይታዘንለታል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ከተሰለፉት ሆቴሎች በአንዱ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ፣ ውሃ በወጉ ከተወቀጠ ሁለት የሻይ ዕረፍት፣ አንድ ምሳ፣ አንድ የጨርቅ ቦርሳ፣ የውሎ አበልና የጋራ ፎቶግራፍ እንደሚወጣው በዓይኑ አይቶ ተረቱን ያርም ነበር።

እኔ ቃለ ጉባኤ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ውሃና ስለ ተፈጥሮ አደጋ በሚደረጉ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ትብብር ዐውደ ጥናቶች ጥግ ይዤ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። ስለዚህ የማመሰግነው ሰምቼ ሳይሆን በልቼ ነው።

በአንድ ሐምሌ የሆነውን ልንገራችሁ። ርዕሱ የድንበር ተሻጋሪ ወንዞች የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከመድረኩ በስተጀርባ አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ዘጠኝ አርማ የተደረደረበት የላስቲክ ባነር ተሰቅሏል። 2፡30 ይጀመራል የተባለው ጉባኤ 4፡15 ላይ ተጀመረ። የዘገየበት ምክንያት ራሱ ለርዕሱ የሚመጥን ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ከሆቴሉ በር በታች ያለውን አስፋልት ስለሞላው፣ ከሦስት አህጉር የመጡት የጎርፍ ሊቃውንት መኪና ውስጥ ሆነው ጎርፉ እስኪጎድል ይጠብቁ ነበር። ወርዶ ቱቦው በምን እንደተደፈነ ያየ የለም። ማየትም አይገባቸውም፤ ቱቦ የወረዳ ጉዳይ ነው፣ እነርሱ የመጡት ለተፋሰስ ነው። (በምን እንደተደፈነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ የሚወጣውን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይቁጠር።)

ከዚያው ብዙ ሳይርቅ የባንትይቀጡ ወንዝ ይወርዳል። በዚያ ቀን ስለ ዳኑብ ሰማን፣ ስለ ሜኮንግ ሰማን፣ ስለ ባንትይቀጡ ግን የተነፈሰ አልነበረም። አልፈርድባቸውም። ወንዙ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ገብቶ፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ላይ የሚቀር ነው። ፓስፖርት የሌለው ወንዝ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ በምን አፉ ይነሣል? ዓባይማ ሌላ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። የዓባይ ሊቃውንት ግን ማደሪያ አላቸው፤ ቁርስንም ይጨምራል።

የመክፈቻ ንግግሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። «ውሃ ሕይወት ነው» የሚለው እውነት አሥራ አንድ ጊዜ ተነገረ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ቆጥሬዋለሁ። ሁሉም ተናጋሪ ከእርሱ በፊት የተናገረውን አመሰገነ። «ባለድርሻ አካላት» በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ደረቱን ይነፋል፤ ድርሻው ምን እንደሆነ ባይነገረውም ድርሻ እንዳለው መስማት ደስ ይላል። ከዚያ የጋራ ፎቶግራፍ። ፎቶግራፉ የዐውደ ጥናት ቁርባን ነው፤ ሳይነሣ የሄደ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ተነሥቶ የሄደ ደግሞ ሦስቱንም ቀን ውሏል።

በመጨረሻ ሳይንሱ መጣ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ባለሙያ ዝናብ ሲጥል ከስንት ሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ወደ ታች እንደሚደርስ የሚያሰላ ሞዴል ይዞ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ተመድቦለት ነበር፤ መክፈቻው ስለረዘመ ሰባት ተሰጠው። በስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ሞዴሉ የሚሠራው ከላይኛው ተፋሰስ የዝናብ መረጃ በየሰዓቱ ከደረሰው ነው፤ መረጃው በማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ብልህ ናቸውና «ይህ መልካም ነጥብ ነው፤ በሻይ ዕረፍት ተነጋገሩበት» አሉ። በሻይ ዕረፍት ሳምቡሳ ነበር።

ይህ ጥበብ ከየት እንደመጣ አላውቅም እንጂ ከቀድሞዎቹ እንዳልወረስነው እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ አዳራሽ ተነሥቶ አራት ኪሎ ለመድረስ የታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 አገሮች የምድርን ጠባይ በጋራ የሚያጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የኮምፓስ መርፌ ሳያዘነብል አግድም ለሚተኛበት መስመር) ቅርብ ስለሆነች የመለኪያ ጣቢያ እንዲቆምባት ተፈለገ፤ በዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ ግቢም ታዛቢ ጣቢያ ተቋቋመ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒዬር ጉዋን ይህን ጣቢያ መሠረቱ። መሣሪያ ሲጠብቁና ዜና መዋዕል ሲያገላብጡ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። ለእኛ የተረፈን የመክፈቻ ንግግር ሳይሆን መዝገብ ነው። እስቲ አሁን መዝገብ በፌስቡክ ይለጠፋል?

ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ያው ናቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች፤ የቀለጠ ዐለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ከፈታት። የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ። የት? እዚያው በረሃው ላይ! ንዳድ ውስጥ ድንጋይ ላይ መሣሪያ ተክለው ምድር በስንት ሳንቲ ሜትር እንደተራራቀች ሲለኩ ከረሙ። አየር ማቀዝቀዣ ያለው አዳራሽ እያለ ወደ ስንጥቁ መሄድ ምን ይባላል? በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ በኩል የሚነሣው መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲያወዛውዝና ሰው በሌሊት ልብሱ ደጅ ሲያድር፣ የስምጥ ሸለቆውን ጠባይ ለማስረዳት የተጠቀሱት እነዚያው ወደ በረሃ የሄዱ ሰዎች የለኩት ቁጥሮች ናቸው። ሥነ ሥርዓት የጎደለው አሠራር ፍሬ ሲያፈራ ማየት ያስከፋል።

ከሁሉ የባሱት ግን አሜሪካና ጀርመን ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ሁለት መንታ ሳተላይቶች አስወነጨፉ። አንዷ ሌላዋን በ220 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ እየተከተለች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲጠብና ሲሰፋ የስበትን ለውጥ ይለካሉ፤ ከዚያም ሥር ያለው ውሃ፣ የከርሰ ምድሩም ጭምር፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተተኪዎቻቸው ወጡ። እንግዲህ ያለ ደጋፊ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ መዝገብ ቤት ቁጥር የሰውን አገር ውሃ ከሰማይ ሆኖ መመዘን ነውር አይደለም?

እኛ ዘንድ ወግ አለ። የአንድ ወንዝ የአሥር ዓመት መረጃ የፈለገ ተማሪ መጀመሪያ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ሲደርስ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። የምን ስብሰባ? የመረጃ ልውውጥ። ተማሪው ሦስት ሳምንት ይመላለሳል፤ ከዚያ አንድ ደግ ሰው በጆሮው «ልጄ፣ ዐውደ ጥናቱ ላይ ና፣ ሁሉንም እዚያ ታገኛቸዋለህ» ይለዋል። ይመጣል፤ ስሙን ይፈርማል፤ አበሉን ይቀበላል። በሁለተኛው ዓመት የመረጃውን ነገር ተወት አድርጎ ስለ መረጃ እጥረት ጥናት ያቀርባል። አቅም ግንባታ ማለት ይኸው ነው።

መረጃው ግን ከየት ይመጣል? በየወንዙ ዳር ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት የቆመ መለኪያ አለ። የአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንድ አንባቢ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወርዶ ያያል፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። የዓለም አቀፉ ትብብር ሞዴል፣ ካርታና ትንበያ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠለው በዚያ ደብተር ላይ ነው። ጎርፉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥቶ በ10 ካለፈ ደብተሩ አያውቀውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋ ላይ የሆነው የሌሊት ነበር፤ ከበላይ ያለው ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን በተኙበት ወሰደ። እዚህች ላይ ሽሙጤ አልታዘዘኝም። ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የመለኪያ አንባቢው በያዝኩት ቃለ ጉባኤ ሁሉ በተሰብሳቢነት ተመዝግቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለምን አይጋበዝም ብዬ አንድ አስተባባሪ ጠይቄ ነበር። «እርሱ እዚህ ከመጣ ማን ያነባል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። በአገሩ ሥራው ከስብሰባ የማይበልጥበት ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ነበር።

እኔ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ዐውደ ጥናቱ በሚውልበት ሳምንት ግን ችግር የለብኝም። ጠረጴዛ ላይ ግማሽ እየተጠጡ የሚተዉትን ጠርሙሶች ሰብስቤ በተሰጠኝ የጨርቅ ቦርሳ እወስዳለሁ፤ ቦርሳው ላይ «እያንዳንዷ ጠብታ ዋጋ አላት» ተብሎ ታትሟል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉ ሰዎች የዓባይ ልጅ ባጅ እንደሚያስፈልገው አልተረዱም።

በሦስተኛው ቀን የአቋም መግለጫ ወጣ። አሥራ ሦስት ነጥብ ነበረው። ጃፓን ውስጥ ሴንዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ጸድቆ በ2030 የሚያበቃው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ማዕቀፍ በአራቱ ነጥቦች ተጠቅሷል፤ ሰባተኛው ግቡ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን ለሰዎች ማዳረስ ስለሆነ፣ «ሰዎች» የሚለው ቃል «ባለድርሻ አካላት» ተብሎ ተስተካከለ። ያ ሰባት ደቂቃ የተሰጠው ባለሙያ ጥያቄው የት ደረሰ ብሎ ሲያማትር፣ ንዑስ ኮሚቴ እንደተቋቋመለት ነገርኩት። ንዑስ ኮሚቴ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሻይ ጠጣ አልኩት።

ምሽት ላይ ስወጣ ካፊያ ነበር። ከሆቴሉ ማዶ እሸት በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከሰሏን እያራገበች ነው። በራሷ ላይ ሁለት እንጨትና ግድግዳ ተደግፎ የተወጠረውን ሳይ አወቅሁት። የአምናው ባነር ነው። «…የጎርፍ ስጋትን በጋራ…» ይላል፤ የቀረው ተጠቅልሏል። ሥሩ ተጠግቼ አንድ በቆሎ አዘዝኩ፤ ትብብሩ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል።

«ጋሼ፣ ከውስጥ ነው የወጡት? የዛሬው አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ እህቴ።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ለመስከረም ተቀጥሯል።»

«ወይኔ! ክረምቱ ካለፈ በኋላ?» ቀና ብላ በአርማዎቹ በኩል የሚንጠባጠበውን አሳየችኝ። «ጥበቃው የዛሬውን አወርድልሻለሁ ብሎኛል። ግን ይንገሩልኝ፣ መስከረም ላይ ትንሽ ሰፋ አድርገው ያሠሩት። በዚህ በኩል ያፈስሳል።»

በሦስት ቀን ውስጥ ከተጠቃሚ የተሰጠ አስተያየት ይህ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያው ቆሜ በአቋም መግለጫው ላይ 14ኛ ነጥብ አድርጌ ጻፍኩት።