የትኛዋ ኮምቦልቻ?

በየሕክምና ትምህርት ቤቱ የፈተና ጥያቄ በቡድን የሚገመግም ኮሚቴ አለ። እስካሁን ማንም አላመሰገነውም። ሐውልት የሚገባው ነገር እኮ ነው! እኔ ሦስት ዓመት ያህል ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ገብቻለሁ፤ በማዕረግ ከሁሉም ስለማንስ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ዛሬ ልተንፍሰው።

ነገሩን ለማታውቁት፣ አንድ መምህር ጥያቄ ያወጣል። የሕክምና ጥያቄ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ዛሬ በግምት "ሲ"ን ከብቦ ያለፈ ልጅ ነገ እናታችሁን ያክማል። ስለዚህ ጥያቄው ተማሪ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሌሎች መምህራን ያዩታል። ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍነህ ጥያቄውን ብቻ ብታነብ መልሱን መናገር ትችላለህ ወይ? ትክክሉ በእርግጥ አንድ ብቻ ነው ወይ? መልሱ ከሌሎቹ ምርጫዎች ረዝሞ ራሱን ያጋልጣል ወይ? እንዲህ እየተባለ ይጣራል። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። የኛ ኮሚቴ ግን መጽሐፉን አልፎት ከሄደ ቆይቷል።

ፍጥነቱን ብቻ እዩልኝ። መቶ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት። ከዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ይጠበቃል። ሃያ ደቂቃ ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ እስኪታረቁ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ለማኪያቶ። የቀረውን ለመቶ ስታካፍሉት ለአንድ ጥያቄ አርባ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። አሜሪካኖቹ ለሐኪሞቻቸው የፈቃድ ፈተና ጥያቄውን በኮሚቴ ካዩት በኋላም አያምኑትም፤ ነጥብ ሳይቆጥሩበት ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው መጀመሪያ ተፈታኝ ላይ ይሞክሩታል። ፈሪዎች ናቸው። እኛም እንሞክራለን፣ ግን ነጥብ እየቆጠርን።

ጥያቄዎቹ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ይላካሉ። አሥራ አንድ ገምጋሚ አለን። እያንዳንዱ የቀሩት አሥሩ አንብበውታል ብሎ በሙሉ ልቡ ያምናል። እንዲህ ያለ መተማመን በትዳር እንኳ አይገኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የኛ ሎሚ ለሁላችንም ጌጥ ሆነና የያዘው ሰው ጠፋ።

አንድ ቀን ጥያቄ 17 ስክሪኑ ላይ ወጣ። አንድ የ28 ዓመት ሰው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ጫካ ውስጥ ሲንሸራሸር ይቆያል፤ መዥገር ይነክሰዋል፤ ከሳምንት በኋላ እንደ ዒላማ ክብ የሠራ ቀይ ሽፍታ ይወጣበታል። ምን ይታዘዝለት? ከየት እንደተገለበጠ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ባልደረባችን ጉሮሮውን ጠረገና "ይሄ ጥያቄ ካገራችን ጋር አይሄድም" አለ። ልቤ ዘለለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዬን በደስታ አነሳሁ።

"ኮነቲከት የሚለው ይስተካከል።"

ተስተካከለ። ኮምቦልቻ ተባለ። ጫካ ውስጥ መንሸራሸርም ባህላችን አይደለም ተባለና ሰውየው ገበያ ሲሄድ ተነከሰ። መዥገሩ፣ ሽፍታውና በሽታው ባሉበት ረጉ። ላይም የሚባለው ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ እዚያው ኮነቲከት ካለች ከተማ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ከሰዓት ወሎ አስገባነው። ቪዛም አልጠየቅነው።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። "የትኛዋ ኮምቦልቻ?" አለ አንዱ። "የወሎዋ ናት የሐረርጌዋ?" አሥራ አራት ደቂቃ ሄደ። የደሴ ልጅ የሆነ ባልደረባችን "ሰፈራችን ላይ በሽታ አትለጥፉ" ብሎ ከምሩ ተቆጣ። በመጨረሻ "ኮምቦልቻ (ደቡብ ወሎ)" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ቅንፉንም ጭምር።

በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ ወይም ከመተማና ከሁመራ እርሻ ሆዱ አብጦ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ካላዛርስ? ተማሪው ዎርድ ሲወጣ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ግን እነሱን ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት። ተገልብጠው አይመጡም።

ከዚያ ጥያቄ 41 መጣ። የፕሮፍ ጥያቄ ነው። እንዲህ ይላል፣ "ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነ ያልሆነው የትኛው ነው፣ ከአንዱ በስተቀር?" ከልቤ ነው፣ በእንግሊዝኛው ከዚህም ይብሳል። አምስት ምርጫ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሰማንያ ዓመት ጥናት ተሰብስቦ ሲታይ ሦስት ምርጫ እንደሚበቃ ተጽፏል፤ አራተኛው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ አምስተኛው ግን ከድካም ይመጣል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚለው።

አዲስ የተቀጠረ ልጅ እጁን አወጣ። አላወቀም፣ ምን ያድርግ።

"ፕሮፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ 'ኤ'ም 'ቢ'ም ትክክል መሰሉኝ።"

"የት ነው ያነበብከው?"

"ሀሪሰን ላይ።"

"ስንተኛው እትም?"

ቤቱ ጸጥ አለ። የማኪያቶ ማንኪያ ስኒ ሲነካ ይሰማል። ልጁ እትሙን አላስታወሰም፤ ማን ያስታውሳል? ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለውን ያን ቀን ነው የተማረው፤ ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስልኩን ሲጎረጉር ነው የማየው። የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ሁኔታውን አለዘበው፣ "የፕሮፍ ጥያቄ እኮ ለዓመታት የተፈተነ ነው፣ እኛም ራሳችን ተፈትነንበታል።" እውነቱን ነው። እኔም ተፈትኜበታለሁ። ስቼዋለሁ።

ግን ኮሚቴው ዝም ብሎ አሳለፈው እንዳትሉ። አንድ ሲኒየር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "አንድ ነገር ግን አለ" አለ። ሁላችንም ቀና አልን። "ከፔሸንት በፊት 'ዘ' ጎድሏል።" ፕሮፍ ፈገግ ብለው "ጥሩ ዓይን ነው" አሉ፣ 'ዘ' ገባ፣ ቤቱም ተነፈሰ። ፈተናችን በእንግሊዝኛ፣ ክርክራችን በአማርኛ ነው፤ ይሄን የምናገናኝበት ድልድይ 'ዘ' ብቻ ናት። በሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የመልስ ቁልፍ የተቀየረበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ 'ዘ' የገባችበትን ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ፈተናው ተሰጠ፣ ታረመ፣ ትንተናው መጣ። እያንዳንዱ ጥያቄ ጎበዙን ከሰነፉ ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ዲስክሪሚኔሽን ኢንዴክስ ይባላል። የ41 ቁጥር ከዜሮ በታች ሆነ። ጎበዞቹ ስተውታል፣ ከታች ያሉት አግኝተውታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልስ ቁልፉ ነው። ኮሚቴያችን ግን ጎበዞቹን ጠረጠረ፣ "ተዘናግተው ነው" ተባለ። ለማንኛውም ለሁሉም ቦነስ ይሰጥ፣ ጥያቄውም ወደ ጥያቄ ባንክ ይግባ ተብሎ ተወሰነ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አድንቁልኝ። ስህተቱን ለካሳ ይበቃል ብለው አምነውበት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ደግሞ አስቀመጡላቸው።

በ17ም አንድ ቅሬታ ቀረበ። ተማሪው በእጁ ጽፎ ነው ያመጣው። ኮምቦልቻ ተወልዶ እንዳደገ፣ አባቱ ከብት እንደሚነግድ፣ መዥገር ሲነቅል እንዳደገና እንዲህ ያለ ሽፍታ በቤተሰቡም በጎረቤቱም አይቶ እንደማያውቅ ይተርካል። ልብ የሚነካ ደብዳቤ ነው። ኮሚቴው በጥሞና አዳመጠ፣ ቅሬታው ተገቢ ነው ብሎም ተቀበለው። እኔም በቃለ ጉባኤው ጻፍኩ፦ ጥያቄ 17፣ "ኮምቦልቻ" የሚለው ተሰርዞ "ኮንሶ" ይባል። ኮንሶ አንድ ብቻ ናት።