የውሸት ኪስ

ዛሬ ይሄን ካልተነፈስኩት ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። ነገሩም ስለ ጨርቅ ነው። ለመጸው የሚሆን አንድ የሴት ጃኬት ፍለጋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተንከራትቻለሁ። «ለጃኬት ብለሽ ነው እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ፣ ለጃኬት ብዬ ነው። ወንዶች ደግሞ አንብባችሁ ስትጨርሱ የራሳችሁን ጃኬት ኪስ አንዴ ዳሰስ አድርጉና አመስግኑ።

የመጸው ጠባይ ይታወቃል። ጠዋት ያንዘፈዝፋል፣ ቀትር ላይ ላብ ያስጠምቃል፣ ማታ ነፋሱ አንገት ስር ይገባል። ለካፖርት ገና ነው። ሹራብ ብቻውን ደግሞ ነፋስ አያስጥልም። መሃል ላይ የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። ከሹራብ በላይ የሚገባ፣ እጄን ሳነሳ ተከትሎኝ የማይነሳ፣ ስልክና ቁልፍ የሚይዝ ኪስ ያለው ጃኬት። ሦስት ነገር ብቻ። ቤት ሥሩልኝ አላልኩም።

በኪሱ ልጀምር፣ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ስለሆነ። አንድ ደስ የሚል ጃኬት አገኘሁ። ቀለሙ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ ጨርቁ ወፈር ያለ፣ ከፊት ሁለት ባለ ክዳን ኪስ። እጄን ልከት ስል ጣቴ ጨርቅ ገጭቶ ቆመ። ክዳኑን ገለጥኩት። ከስሩ ምንም የለም። ድስት የሌለው ክዳን! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ክዳኑን ቆርጦ፣ ዙሪያውን ሰፍቶ፣ ቁልፍ ተክሎበት ሲያበቃ ኪሱን ረሳው ማለት ነው? አልረሳውም። አውቆ ነው። ኪስ ሲሞላ ያብጣል፣ ቅርፅ ያበላሻል ይላሉ። እሺ፣ ስልኬንስ በጥርሴ ልያዘው?

እ.ኤ.አ. በ2018 የ20 ታዋቂ ብራንዶችን ጂንስ ሱሪ ሰብስበው ኪሱን የለኩ ሰዎች ነበሩ። የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ 48 በመቶ አጥሮ ተገኘ። ግማሽ በሉት። እሱ እንኳ ሱሪ ነው፣ ጥብቅ ነው ብለን እንለፈው። ጃኬት ላይ ቦታ ሞልቶ! ደግሞ አይቻልም እንዳይሉን፣ ፈረንሳዊቷ የልብስ ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣችው ጃኬት እጅ የሚገባበት እውነተኛ ኪስ ነበረው። ቅርፁ እንዳይበላሽ ደግሞ ከገበሩ ጋር ታችኛው ጫፉ ላይ ቀጭን ሰንሰለት አሰፋችበት። ክብደቱ ጃኬቱን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ኪሱም ቅርፁም ባንድ ላይ፣ ከ70 ዓመት በፊት።

ኪስ ያለው ሲገኝ ደግሞ እጅጌው አይገባም። መልበሻ ክፍል ሹራቤን ለብሼ ነው የምገባው፣ ምክንያቱም ከስሩ የምለብሰው እሱን ነው። ቲሸርት ለብሳችሁ ጃኬት አትለኩ፣ በኋላ ታለቅሳላችሁ። አንዱን ስሞክር ክንዴ ላይ ተወጥሮ እጄ እንደ በትር ቀጥ አለ። የምትሸጠዋ ልጅ መጥታ አየችኝና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ክፍት ሆኖ ነው የሚለበሰው፣ አይቆለፍም» አለችኝ። ታዲያ አራት ቁልፍ ምን ይሠራል? «ለውበት ነው።»

ሰፊ የሆነውን ስወስድ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እጅጌው ከብብት በጣም ዝቅ ብሎ የተተከለ ጃኬት ሰፊ ስለሆነ የሚመች ይመስላል። ውሸት ነው። እጃችሁን ስታነሱ ጎኑ በሙሉ አብሮ ይነሳል፣ ሆዳችሁ ይጋለጣል። ብብት ስር ጠጋ ብሎ የተተከለው ነው ክንድን ለብቻው የሚያንቀሳቅሰው። ይሄን የነገረኝ አንድ የልብስ ስፌት ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት ቆሜ እጄን ወደ ላይ እሰቅላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አየር አቅፋለሁ። ሰው ያየኛል። ይየኝ። አውቶቡስ ውስጥ እጀታ ይዤ እምብርቴ ከሚታይ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቢሳቅብኝ ይሻለኛል።

ይኸው ባለሙያ የነገረኝ ሌላም ነገር አለ፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል። እጅጌ ያጥራል፣ ወገብ ይጠብባል፣ ቁልፍ ይቀየራል። ትከሻ ግን አትንኩኝ ይላል። ትከሻውን ለማስተካከል እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መትከል ነው፣ የእጅ ዋጋው ከጃኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ስፌቱ የትከሻ አጥንታችሁ ጫፍ ላይ ካላረፈ፣ ሌላው ቢያምርም መልሳችሁ ስቀሉት። ሆን ተብሎ ትከሻው እንዲወርድ የተሠራው ሰፊ ጃኬት ሌላ ነው። አንድ ቁጥር ጨምሮ መግዛት ግን ያንን ስታይል አይሰጥም፣ የታላቅ ወንድማችሁን ልብስ የለበሳችሁ ነው የሚያስመስለው።

ቁጥር ካነሳሁ አይቀር። በዚህ ሦስት ሳምንት ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ባንዱ ቤት ደግሞ ኤክስትራ ላርጅ ሆኜ ወጣሁ። ሰውነቴ ግን ያው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ሰውነት እየዞሩ ለክተው ነበር። በመጨረሻው ስሌት ውስጥ የገቡት ግን ነጭ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሥራ የተነሳው የልብስ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፣ በ1983 ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ማን ከልካይ አለ? ፋብሪካው ደስ ያለውን ቁጥር ይለጥፋል። አንዳንዱ ሆን ብሎ አሳንሶ ይጽፋል፣ ገዢዋ ቀጠንኩ ብላ ደስ እንዲላት። እኔ ግን ደስታ አይደለም የምፈልገው፣ ክንዴ እንዲገባልኝ ነው።

ስለ ትሬንች ኮት፣ ስለዚያ ባለ ቀበቶ ረጅም የዝናብ ኮት፣ ደግሞ አታናግሩኝ። «የመጸው ንጉሥ» ይሉታል በየቪዲዮው። እንግሊዛዊው ልብስ ሠሪ ቶማስ በርበሪ ጋባርዲን የተባለውን ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ዝናብ እንዳያስገባ! በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንኖች ምሽግ ውስጥ ለብሰውታል፣ ስሙም ከዚያ መጣ፣ ትሬንች ማለት በእንግሊዝኛ ምሽግ ነው። የትከሻው ማንገቻ ለማዕረግ፣ ደረቱ ላይ የምትንጠለጠለው ተደራቢ ጨርቅ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ። አሁን የሚሸጡልን ግን ማንገቻውም አለ፣ ተደራቢውም አለ፣ ቀበቶውም አለ፣ ጨርቁ ግን መጋረጃ ነው። ካፊያ ሲነካው ሸሚዝሽ ድረስ ይደርሳል። ባለፈው ዓመት የገዛሁት ጭራሽ ገበር እንኳ አልነበረውም። ዝናብ የማይችል የዝናብ ኮት ገዝቼ ከላዩ ዣንጥላ ይዤ ስሄድ ከረምኩ።

የቆዳ ጃኬትማ ሌላ ለቅሶ ነው። እውነተኛው ውድ ነው፣ አልተጣላሁም። የውሸቱን ግን ገዛሁ። ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ እኮ ነው። በሁለተኛው ዓመት ኮሌታው መላጥ ጀመረ። ጥቁር ፍርፋሪ አንገቴ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የጓደኛዬ ነጭ ሶፋ ላይ። እስካሁን አልረሳችልኝም።

ይሄን ሁሉ ትቼ ገበያው ራሱ ያናድደኛል። የመጸው ልብስ ለትርዒት የሚቀርበው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ሱቅ የሚገባው ገና ሙቀቱ ሳይወጣ። ያን ጊዜ ማን ሱፍ ይለካል? ብርዱ መጥቶ ማቄን ጨርቄን ሳልል ገንዘቤን ይዤ ስሄድ «አልቋል፣ የክረምት ካፖርት ገብቷል» ይሉኛል። የቀረው ወይ ለልጅ የሚሆን ወይ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው።

የስታይል መካሪዎቹስ? «ደራርቢ» ይላሉ። ሸሚዝ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከላዩ ብሌዘር (የሱፍ ኮት የመሰለ ጃኬት)፣ ከላዩ ሻርፕ። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ቆማ ነው፣ የትም አትሄድም። እኔ ደግሞ አምስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ሻርፑ በእጄ፣ አራተኛው ላይ ብሌዘሩ በክንዴ። ኪስ ስለሌለኝ ስልኩ በሌላው እጄ። በር የምከፍተው በግንባሬ ነው። መደረብ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ በየልብሱ መሃል የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። ሁለት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ግን ጃኬቱ ለመደረብ ካልተሠራ ምክሩ ምን ይሠራልኛል?

እኔ የሚሠራልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ላዩ ሰፊ ከሆነ ታቹን አጠባለሁ፣ ጃኬቱ አጭር ከሆነ ወገቡ ከፍ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስ አደርጋለሁ። ሁለቱም ሲሰፋ ነፋስ የገባበት ድንኳን እመስላለሁ። ቀለሙ የፈለገው ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ብሌዘር ገዛሁ። ትከሻው ልክ፣ ገበር ያለው፣ ሹራብ የሚያስገባ። ኪሱ ግን ዝግ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ክር ነው! ለካ አዲስ ብሌዘር እስኪሸጥ ቅርፁን እንዲይዝ ኪሱን በስስ ክር ይሰፉታል፣ ተፈትቶ ነው የሚለበሰው። ከኋላ ስንጥቁ ላይ ያለው የኤክስ ስፌትም እንደዚያው። መንገድ ላይ ኤክሷን ይዛ የምትሄድ ሴት ሳይ ልነግራት እፈልጋለሁ፣ ከዚያ አፍራለሁ።

መቀስ አመጣሁ። የቀኙን ፈታሁ፣ ጥልቅ ኪስ። የግራውን ፈታሁ፣ ጥልቅ ኪስ። ከደስታዬ ብዛት ደረቱ ላይ ያለችውንም ትንሿን ልፍታ ብዬ ቆረጥ አደረግኩ። እሷ የውሸት ነበረች። ገበሩ ብቅ አለ።

አሁን ቀዳዳው ላይ ደረት ላይ የሚሰካ ትልቅ ጌጥ አድርጌበታለሁ። ትናንት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ አየችውና «ውይ፣ ይሄን ስታይል ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።