መጨረሻውን ባውቀውስ?

አሁን ከእቴቴ ቤት መግባቴ ነው። በረካው ሳይቀዳ ተነስቼ ወጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። ለፋሲካ በሰው ፊት ደሞዜን የጠየቁኝ ናቸው። ጥግ ይዤ ነበር የማነበው። ማንንም አልነካሁም።

"ምንድን ነው እሱ?"
"መጽሐፍ ነው ጋሼ።"
"መጽሐፍ መሆኑንማ አላጣሁትም። የምን?"
"ስታር ዋርስ። ከፊልሙ ታሪክ ጋር የተያያዘ ልቦለድ ነው።"
"ፊልሙን አይተኸዋል?"
"አዎ።"
"መጨረሻውን ታውቀዋለህ ማለት ነው?"
"አዎ።"
"ታዲያ ምን ጠፍቶህ ነው እዚያ ውስጥ የምትፈልገው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እዚያው ቢያበቃ ምን ነበረበት? እቴቴ ነገር ልታበርድ ብላ "የት ደረስክ ታዲያ?" አለችኝ። "ባቱ የምትባል ፕላኔት ላይ ናቸው" አልኳት። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ባቱ! ዝዋይ ነዋ! አሳ ይዘህልን ና!" የአስር ዓመት ልጅ ሳይቀር ሳቀብኝ። እስክወጣ ድረስ "አሳው" ሆኜ ቀረሁ።

እዚያ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልሰው።

መጽሐፉ ቲሞቲ ዛን በፈረንጆቹ 2018 ያወጣው "ትራውን፦ አላያንሰስ" ነው። ሁለት ዘመን ነው ያለው። በአንዱ ዘመን የፊልሞቹ ባለታሪክ አናኪን ገና ጄዳይ፣ የበጎው ወገን ተዋጊ ነው። ሚስቱ ፓድሜ የቀድሞ ደንገጡሯን መልእክት ተከትላ ባቱ ሄዳ ጠፍታበታለች። ሊፈልጋት ሲሄድ ትራውን የሚባል ሰማያዊ ቆዳ ያለው መኮንን ያገኛል። በሌላው ዘመን ዓመታት አልፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያችው ባቱ ሁለት ሰው ይልካል። አንዱ ትራውን ነው። ሌላው ዳርዝ ቬደር ነው። ወደ ክፉ የተለወጠው ያው አናኪን!

ፓድሜ የራሷ ክፍሎች አሏት። ብቻዋን ናት፣ ትደበቃለች፣ መላ ትፈጥራለች። ገጹን ስገልጥ የቬደር ጥቁር ጭንብል ይመጣል። በ2005 የወጣውን ፊልም ያየ ሰው አናኪን ራሱ እንደሚያንቃት፣ ወልዳም እንደምትሞት ያውቃል። እሱ ግን አያውቅም። ሊያድናት ነው የሚሮጠው። እኔ እያወቅሁ፣ እሱ ሳያውቅ አብሬው እሮጣለሁ። የምፈልገው ይሄንን ነው ጋሼ!

ቬደር ደግሞ ያ ዘመን ትዝ ሲለው "ጄዳዩ" ነው የሚለው። የገዛ ትዝታውን የሌላ ሰው ያደርገዋል። የድሮ ስሙን ከራሱ ጋር ማገናኘት አይፈልግም። አጠገቡ የቆመው ትራውን ግን ያንን ጄዳይ በአካል ያውቀው ነበር። ያየዋል፣ ይመዝነዋል፣ አፉን ጠብቆ ይጠይቀዋል። ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው?

የሚገርመው ጋሼ ራሳቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበውን "ፍቅር እስከ መቃብር" ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። መጽሐፉ 1958 ዓ.ም. የወጣ ነው። ርዕሱ ላይ መቃብር ተጽፎበታል! የበዛብህና የሰብለ ነገር እንደማይሆን አገር ያውቃል። ሬዲዮውን የዘጋ ሰው አለ? የእሳቸው ለቅሶ ጥበብ፣ የእኔ ዝዋይ!

ደግሞ "ፊልም ተከትሎ የተጻፈ መጽሐፍ አይባልም" የምትሉ አንባቢ ነን ባዮች አላችሁ። መሥሪያ ቤትም አንዱ አለ፣ ምሳ በበላን ቁጥር የሚነዘንዘኝ። ትራውን እኮ በፈረንጆቹ 1991 ልቦለድ ውስጥ ነው የተወለደው። በ2014 የስታር ዋርስ ባለቤት የሆነው ድርጅት የድሮዎቹን ልቦለዶች ከዋናው ታሪክ አስወጣቸው። ትራውንን ግን ሊተዉት አልቻሉም፤ በ2016 በአኒሜሽን መልሰው አመጡት። ማን ማንን ተከተለ? "ማስታወቂያ ነው" ትላላችሁ። አዎ፣ ዲዝኒ በ2019 በመዝናኛ ፓርኮቹ ውስጥ የከፈተው የስታር ዋርስ ክፍል ባቱ ላይ ነው የተመሠረተው። እና? ለፓድሜ የሚያስጨንቀኝ የቲሞቲ ዛን አጻጻፍ ነው እንጂ ቲኬት ቆራጩ አይደለም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጸጥታ ይፈልጋል። ካቋረጡህ የትኛው ዘመን ላይ እንደነበርክ ይጠፋሃል። እኛ ቤት ማን ያስነብባል? አንድ ክፍል ልጨርስ ስል መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ "ጋዝ አምጣ" እባላለሁ። ባለፈው እህቴ ምልክት ያደረግኩበትን ወረቀት ከመጽሐፉ አውጥታ የውኃ ሠራተኛውን ስልክ ጻፈችበት። "ወረቀት መስሎኝ" አለች። ወረቀትማ ነው! ቬደርን ትቼ የሄድኩበትን ገጽ ፍለጋ ምሽቱ አለቀ።

ደክሞኛል። ጋሼ አይለወጡም፣ እቴቴም ነገም ትጠራኛለች፣ እኔም መሄዴ አይቀርም። መጽሐፌን ግን ይዤ ነው የምሄደው።

የትራውንን አንደኛ ቅጽ "በሳምንት እመልሳለሁ" ብለህ የወሰድክ ወንድሜ፣ ይሄን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። መልስ። ከአሜሪካ የምትመጡም ካላችሁ ሦስተኛው ቅጽ "ትራውን፦ ትሪዝን" ይባላል፣ በ2019 የወጣው። ሻንጣ ላይ ቦታ ካለ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ብሩን ቀድሜ እልካለሁ።