ማስተካከያ፦ በጠባብ መተላለፊያ ለመቅደም ስለሚሰጥ የድምፅ ምልክት

ለሐዋሳ ጀልባ ነጂዎች ቀደም ሲል ባጋራሁት ጽሑፍ፣ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር የጥሩንባ ድምፅ «በግራህ በኩል ልቀድምህ ነው» ማለት እንደሆነ መግለጼ ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በቁጥር 34 እንደደነገገው፣ ይህ ምልክት በቀኝ ለመቅደም ማሰብን ያሳውቃል፤ በግራ ለመቅደም ከሁለቱ ረጅም ድምፆች በኋላ አጭሩ ሁለት ጊዜ ይሰማል። የሚቀደመው ከተስማማ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ብሎ ይመልሳል።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ ጽሑፌን ያመነ ነጂ በግራው ቦታ ለመልቀቅ ወደ ቀኝ ሲጠጋ፣ ከኋላው በሚመጣው መርከብ መንገድ ላይ ይገባልና። ደንቡ ከባሕር ጋር የማይገናኘውን የሐዋሳን ሐይቅ በቀጥታ ባይገዛም፣ ትምህርቱ ትክክል ሆኖ መሰጠት ነበረበት። የቀደመውን ጽሑፍ ለሌሎች ያስተላለፋችሁ ይህንንም እንድታደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።