ሳያም የሚጎዳ ብግነት

ስለ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተዋሲያን በማበጥና በመቅላት ስለሚሰጠው ምላሽ፣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ብግነትን እንደ ጠላት ብቻ ማቅረቡ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። አጣዳፊው፣ ማለትም ድንገት ጀምሮ ቶሎ የሚያልፈው ብግነት ባይኖር እኮ ቁስል አይድንም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ፣ ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። ማክሮፋጆች የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ደግሞ ፍርስራሹን ጠርገው ጥገናውን ያስጀምራሉ።

ጣጣው የሚመጣው የብግነቱ መነሻ ካልጠፋ ነው። ከሰውነት የማይወጣ ቫይረስ፣ የሲጋራ ጭስ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ፣ ወይም የራስን አካል የሚያጠቃ የመከላከያ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ያኔ ማክሮፋጆችና ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እዚያው ይሰፍራሉ። የሚያመነጩት ኬሚካል ጤነኛውንም ሴል ይጎዳል። ጥፋትና ጥገና ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ጠጋኝ ሴሎች ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን ይደራርባሉ፤ ለስላሳው ሕብረ ሕዋስ ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ (በቫይረስ የሚመጣ የጉበት በሽታ) ጉበትን ወደ ሲሮሲስ፣ ማለትም በጠባሳ ወደ መጠንከር የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለዓመታት ምንም ሕመም ሳይሰማ! በጣም የሚያሳስበኝም ይሄው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራ ብግነት መኖሩን ይጠቁማል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ውጤቱ ከፍ ካለ ሐኪማችሁ ምክንያቱን እንዲፈልግ ጠይቁ፣ በማስታገሻ ብቻ አትለፉት።