ማስተካከያ፦ የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት መቼ ይለካ?

በድሬዳዋ ጉድጓድ ለሚከታተሉ ባለፈው ባወጣነው መመሪያ «ጥልቀቱን ፓምፑ እንደጠፋ ወዲያው ለኩ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚያ መንገድ የተያዘ ንባብ ካለ ምልክት አድርጉበት፤ ከአዲሱ ጋር አይደባለቅ።

ጥልቀት ስንል ከቱቦው አፍ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ርቀት ነው። ፓምፑ እንደቆመ ውሃው ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። ፓምፑን አጥፍታችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት አሳድሩ፤ ከዚያ በየ30 ደቂቃው ለኩ። ሁለት ተከታታይ ንባቦች ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልተለያዩ የመጨረሻውን መዝግቡ። ልኬቱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣ፤ የቱቦው አፍ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግ። የጎረቤት ጉድጓድ እየሠራ ከሆነ የእናንተንም ውሃ ያወርደዋልና ይህንንም ጻፉ። እንደ ሳቢያን ብዙ ጉድጓድ ባለበት ሰፈር ይህ ፈጽሞ አይዘለልም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ፓምፑ አርፎ 48 ሜትር፣ እየሠራ 62 ሜትር ቢነበብ፣ 14ቱ ሜትር በፓምፑ ስበት የወረደ ነው። በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው የቀዳ መጠን እየሠራ 66፣ አርፎ ግን ያው 48 ከሆነ የከርሰ ምድሩ ውሃ አልጎደለም፤ የጉድጓዱ ወንፊት (ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የቱቦ ክፍል) በኖራ ወይም በደለል ተደፍኖ ይሆናል፤ ይጽዳ። 48ቱ ራሱ 52 ከሆነና በየዓመቱ ከቀጠለ ግን ከሚተካው በላይ እየተቀዳ ነው። ያኔ የመቅጃውን ሰዓት መቀነስ ግድ ይላል፤ ፓምፑን ወደ ታች ማውረድ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም። የሐረር የውሃ ምንጭ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ጊዜ ወዲህ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ውሃ ስለምትስብ ይህ የሁለት ከተማ ጉዳይ ነው።